ቢተው ብቻውን የሠራው ድልድይ

ነጋዴ የማይደርስባት፣ ጸሐፊም ያልጻፈላት አንዲት አገር ነበረች። የት እንደሆነች አትጠይቁኝ። ያወሩልኝ ሰዎች አልነገሩኝም፤ እኔም ወሬው ጥሞኝ ስለነበር መጠየቁን ረስቼዋለሁ።

አገሪቱን ጥልቅ ገደል ለሁለት ይከፍላታል። ከገደሉ ሥር ግራሙ የሚባል ወንዝ አለ፤ በበጋም ሆነ በክረምት መሻገሪያ የማይሰጥ፣ ድንጋዩ የሾለ፣ ውሃው የከፋ። ወዲህኛውን ወገንና ማዶን የሚያገናኛቸው አንድ የገመድ ድልድይ ብቻ ነበር። ገመዱ የቃጫ ነው፤ ቃጫ ደግሞ ዝናብ ሲጠጣና ፀሐይ ሲመታው ይበሰብሳል። ስለዚህ በየዓመቱ በበጋው መጨረሻ አሮጌውን ድልድይ ቆርጠው ገደል ይሰዱትና፣ አገሬው ቁጭ ብሎ አዲስ ገመድ ይገምዳል። ክረምቱ ሳይገባ አዲሱ ይዘረጋል። አዲሱ ሳይደርስ አሮጌውን መቁረጥ ምን አስቸኮላቸው የሚል አይጠፋም። ምሰሶዎቹ እነዚያው ስለሆኑ ነው ይላሉ። እኔ ግን አሮጌው እያለ ማንም እጁን ስለማያፍታታ ይመስለኛል።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከሕጋቸው ሁሉ ታላቁ። በዓመቱ ድልድይ ውስጥ የራሱ ገመድ የሌለበት ሰው፣ ከሕፃን በቀር፣ በዚያ ዓመት ድልድዩን አይረግጥም። ለእንግዳ ጆሮ ጭካኔ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ጭካኔነቱ ለማንም ታይቶት አያውቅም፤ ገመድ ሳይደርሰው የቀረ ሰው ኖሮ አያውቅማ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቃጫው ከቆላ በአህያ ይመጣና አደባባዩ ላይ ይከመራል። ሰው ሁሉ ተራውን ይዞ አንድ እስር ያነሣል። ጉልበታሙም አንድ፣ ሽማግሌውም አንድ። ቤቱ ይሄድና ጭኑ ላይ እያሸ ይገምደዋል። ሲጨርስ ይዞ ይመለሳል። አደባባዩ ላይ ስም ያዥ የሚባል ሹም አለ፤ ገመዱን በሁለት እጁ ወጥሮ ይፈትሽና «ተቀብያለሁ» ይላል። ያቺ ቃል ሳትወጣ ሌላ እስር መንካት የለም። ፈጣኑ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ ዘገምተኛው ቀስ ይላል። በመጨረሻ ፈጣኑ ብዙ፣ ዘገምተኛው ጥቂት፣ ሁሉም ግን የየአቅሙን ገምዶ ድልድዩ ይወጣል። በተዘረጋ ዕለት ስም ያዡ ምሰሶው ሥር ቆሞ የገመዱትን ሁሉ ስም በቃሉ ይጠራል። ሙሉ ጠዋት ይፈጃል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሽማግሌዎች ያንቀላፋሉ፣ ነገር ግን የራሱ ስም እስኪጠራ ድረስ ከቦታው የሚነቃነቅ አልነበረም።

ሌላም ልማድ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓንጉል የሚባል ሽማግሌ በየደጁ እያለፈ «እጅ አለ?» እያለ ይጠራል። ቃጫ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ከውስጥ «እጅ አለ» ብሎ ይመልስለታል። መልስ ከጠፋ ጓንጉል በሩን ገፍቶ ይገባል። ሰውየው ታሞ ወይም ሐዘን ገብቶበት ተኝቶ ከሆነ፣ የጀመረውን ቃጫ አንሥቶ ወደ ክምሩ ይመልሰዋል፤ ሌላ ሰው ወስዶ ይገምደዋል። ከዚያ ለጎረቤት ይናገርና ለታመመው አጥሚት ይመጣለታል። በዚያ አገር ብቻውን ታሞ ብቻውን የሞተ ሰው ያልነበረው ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ደጎች ስለነበሩ አይምሰላችሁ። ቃጫ ፍለጋ ሲገቡ ሰው ያገኙ ነበር።

ስንሻው ዘገምተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በጎልማሳነቱ ድንጋይ ሲፈነቅል እጁን ቀጥቅጦት ሁለት የቀኝ ጣቶቹ አይታጠፉም። በዚያ እጅ የሚገምደው ገመድ በየስንዝሩ ያበጠ ያበጠ ነው፤ ቢጎትቱት ግን ንቅንቅ አይልም። ሚስቱ ደብሬ በሕይወት ሳለች ቃጫውን እሷ ታበጥርለታለች፣ እሱ ይገምዳል፤ እስከ ማታ አንዲት እስር ይዘው ሲሳሳቁ ይውላሉ። «የእኛ ገመድ ከሩቅ ይለያል» ይላታል። «ሆድ እንደነፋው ሰው አብጦ እንዴት አይለይ» ትለዋለች። ስንሻው በሕይወቱ ደስ ያለው መቼ እንደነበር ቢጠየቅ፣ ሳያመነታ ያን ወራት ነበር የሚጠራው።

ደብሬ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ እሱ ለገበያ ማዶ ተሻግሮ ነበር። ሲመለስ እሷንም ሕፃኑንም አላገኛቸውም። የቀረችው የበኩር ልጁ ይታይሽ ናት፤ አሳድጎ ማዶ ዳራት። አሁን ደግሞ እሷ ነፍሰ ጡር ሆናለች። አሮጌው ድልድይ ሊቆረጥ ሲል ሊጠይቃት ሄዶ ነበር፤ ገመዱን ሊገምድ ወደ ወገኑ ሲመለስ ምሰሶው ድረስ ሸኘችው።

«ስትወልጂ አጠገብሽ እሆናለሁ» አላት።

«መውለጃዬ ገና ነው፣ አባዬ። ድልድዩ ሁልጊዜ ከዚያ በፊት ይደርሳል። ብቻ አንተ እንዳትቸኩል፣ ጣትህን ያምሃል» አለችው።

በዚያው ዓመት ንጉሡ አዲስ ሹም ሾሙ። ማዕረጉ ሊቀ ፍጡናን ነው፤ የፈጣኖች አለቃ ማለት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሹመት ስላልነበረ ልብሱንም ራሱ ፈለሰፈው፤ ሲራመድ እንዳይጠልፈው ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ካባ። ብልህ ሰው መሆኑን ግን መካድ አይገባም። ባለፈው ዓመት አደባባዩ ዳር ቆሞ ሲመለከት ከርሞ ነበር፤ ያየውም እውነት ነው። ሰው ከመግመዱ ይልቅ በመመላለሱ ይደክማል። አንዲት ገመድ ሊያስረክብ የመጣ ሰው የልጁን ጤና፣ የጎረቤቱን ላም፣ የአማቱን አመል አውርቶ ሳይጨርስ ሌላ እስር አያነሣም። ከአደባባዩ አጠገብ የሚኖረው ቢተውማ፣ እሱም ሦስት ወንዶች ልጆቹም እጃቸው እሳት የሆነ፣ ገመዱን ቶሎ ጨርሶ ይመጣና ከእነስንሻው ኋላ ተሰልፎ ወሬያቸው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ይህ ሊቀ ፍጡናንን አበሳጨው።

አዋጅ አስነገረ። ማንም ሰው መሸከም የቻለውን ያህል ቃጫ አስቀድሞ ይውሰድ። የወሰደው የራሱ ነው፤ የተወሰደ አይመለስም፣ ከእጅ ወደ እጅም አይተላለፍም። ጠሪው ጓንጉል ደግሞ የፈጣኖችን ሥራ በከንቱ ጥያቄ ስለሚያቋርጥ ከነምስጋናው ይረፍ። ይህ ሁሉ ለሙከራ በወዲህኛው ወገን ብቻ ይጀመር ተባለ። ማዶዎች በአሮጌው ደንብ ቀጠሉ።

ቃጫው የመጣ ዕለት ስንሻው እንደ ልማዱ በጠዋት ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። አደባባዩ ሲደርስ ባዶ ነው። ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ሌሎችም እንደ እሱ በጠዋት የመጡ ሰዎች ዳር ዳሩን ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። ቢተው ከልጆቹና ከአህዮቹ ጋር ገና ጎህ ሲቀድ ክምሩን በሙሉ ወደ ቤቱ አግዞት ነበር።

ንጉሡ ከኮረብታው ቤተ መንግሥታቸው በአንዲት መስኮት አደባባዩን ያያሉ። የመንግሥታቸው ሥራ ሁሉ የሚታያቸው በዚያች መስኮት ነው። በሌላው ዓመት ክምሩ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየጎደለ እስኪያልቅ ሲጠብቁ ዓይናቸው ይደክም ነበር። ዘንድሮ በአንድ ጠዋት ድራሹ ጠፋ። በጣም ደስ አላቸው። ነጋሪት ተመታ፣ ሰንጋ ተጣለ፣ ሊቀ ፍጡናን ካባው ላይ ወርቅ ተጨመረለት። የቢተው ጓዳ ከዚያ መስኮት አይታይም።

ስንሻው ግብሩን በልቶ ሲያበቃ ወደ ሊቀ ፍጡናን ቀረበ። እጅ ነሣና፣

«ጌታዬ፣ ቃጫ ፈልጌ ነበር» አለ።

«ቃጫ አልቋል።»

«እንግዲያው ድልድዩ አለቀ ማለት ነው?»

«ድልድዩ አላለቀም። ያለቀው ቃጫው ነው።»

«ተገምዶ ነው?»

«ተወስዶ ነው። ሥራ ከአደባባይ ከተነሣ ተሠራ ይባላል፤ የቀረው መግመዱ ብቻ ነው።»

ስንሻው ይህን ነገር በሆዱ ገለባበጠው። አልገባውም፤ ግን ያልገባው በእሱ ስንፍና መሰለው። «እኔ እንግዲህ ገመድ ከሌለኝ አልሻገርም፣ ጌታዬ። ልጄ ማዶ ናት። ልትወልድ ነው።»

ሊቀ ፍጡናን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትከሻውን ቸብ አደረገው። «አንተ እኮ ደክመሃል፤ እጅህንም አይቼዋለሁ። አዋጁ እንዳንተ ላለው ዕረፍት ነው የሰጠው። ሂድና ዕረፍ።»

«ዕረፍቱንስ አልጠላሁትም ነበር» አለ ስንሻው። «የማርፍበት ቦታ ማዶ ሆነብኝ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ቃጫ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ስንሻው ጎህ ሳይቀድ መነሣት ጀመረ፤ ቢተው ግን ከደጁ እስከ ክምሩ ሦስት እርምጃ ነው፣ ማን ይቀድመዋል። ቀድሞ በዚህ ወራት መንደሩ በሙሉ ቃጫ ጭን ላይ ሲታሽ በሚሰማው ሹክሹክታ ይሞላ ነበር። አሁን ጭጭ አለ። ሰዎች በየደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። መጀመሪያ ዕረፍቱ ጥሟቸው ነበር፤ ከዚያ ነገር መፈላለግ ጀመሩ። በዶሮ ተጣሉ፣ በአጥር ተጣሉ። አዛውንቶቹ በባዶ መዳፋቸው ጭናቸውን ሲያሹ ይታያሉ፤ ሲያዩአቸው እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ይደብቃሉ። ስንሻውም እቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ጭኑን ያሽ ነበር።

የይታይሽ ወር ገባ። ድልድዩ የለም።

ስንሻው ሐፍረቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ቢተው ቤት ሄደ። የቢተው ሚስት ማንጠግቦሽ በሩን ግማሽ ከፈተችለት፤ ከግማሽ በላይ መክፈት አይቻልም። ቃጫ ከወለል እስከ ጣሪያ ተጠቅጥቋል። ሰው የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ትተዋል፤ በዚያ ተሽሎክሉኮ ሲገባ ቢተው መሐል ላይ ተቀምጦ ይገምዳል። መዳፉ ተሰነጣጥቆ ገመዱ ደም ነክቶታል። ልጆቹ ከጎኑ ተደርድረው ይገምዳሉ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

«አያ ስንሻው፣ ተቀመጥ እንዳልልህ መቀመጫ የለም» አለ ቢተው።

«ቁሜ ይሁን። አንድ እስር ስጠኝ፣ ቢተው። አንዲት ብቻ።»

ቢተው መግመዱን አላቆመም። «አልዋሽህም፣ የመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ ንጉሡ ስሜን ሲጠሩ ኩራት ተሰማኝ። አሁን ልጆቼ ቃጫ ላይ ተኝተው ገላቸው ተላጠ። እየገመድኩ አያልቅም። ባልወስድ ደግሞ ሰነፍ እባላለሁ።»

«እንግዲያው ስጠኝና ልገምድልህ።»

«ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ገመድ ይቃጠላል ብለዋል። ያንተንም የእኔንም ያቃጥሉታል።»

«ወደ ክምሩ መልሰው።»

«የተወሰደ አይመለስም። አንዲት እስር አደባባዩ ላይ ብትታይ ንጉሡ ከመስኮት ያዩዋታል። ያኔ እኔንም አይምሩኝ፣ ሊቀ ፍጡናንንም።»

አንዱ ሥራ በዝቶበት፣ አንዱ ሥራ አጥቶ፣ ተያዩ። ስንሻው ሊቆጣ መጥቶ ነበር፤ መዳፉን ካየ በኋላ ቁጣው ከዳው። ማንጠግቦሽ እስከ ደጅ ሸኘችውና «አያ ስንሻው፣ ስታልፍ ስታገድም ጎብኘን። ጓንጉል መምጣት ከተወ ወዲህ ደጃችንን የሚረግጥ የለም» አለችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ሰው ቆሞ ተጣራ። የገደሉ ስፋት ድምፅን ቆራርጦ ነው የሚያሻግረው። «የስንሻው ልጅ ወለደች» የሚለው ደረሰ። ስንሻው እየሮጠ መጥቶ አፋፉ ላይ ቆመና «እሷስ?» ብሎ ጮኸ። ሰውየው መለሰ፤ መልሱን ነፋስ ወሰደው። ስንሻው ደጋግሞ ጠየቀ። ሰውየውም ደጋግሞ መለሰ፤ አንዲት ቃል አልደረሰችም። በመጨረሻ ሰውየው እጁን አውለብልቦ ሄደ። ደህና ናት ማለቱ ይሁን ተሰናበት ማለቱ፣ ማን ያውቃል። ስንሻው ደብሬ ትዝ አለችው፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያን ጊዜም ማዶ ነበር፣ አሁንም ማዶ ሆነበት። ከራሱ በላይ ደመናው መጥቆር ጀምሯል።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። በቢተው ደጅ ሲያልፍ የመግመድ ድምፅ አልሰማም። ቆመ። ሳያስበው፣ በአሮጌው ልማድ፣ «እጅ አለ?» አለ።

መልስ የለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አሁንም የለም። በሩን ገፋና ገባ። ቃጫው እርጥበት ስቦ ቤቱን አፍኖታል። ቢተው፣ ማንጠግቦሽ፣ ሦስቱ ልጆች፣ ሁሉም በያሉበት በትኩሳት ወድቀዋል። የቢተው ዓይን ክፍት ነው።

«ጠራኸኝ፣ አያ ስንሻው?» አለ በደከመ ድምፅ።

«ጠራሁህ።»

«ሰምቼሃለሁ። መመለሻ አቅም አጣሁ።»

ስንሻው ውሃ ፈልጎ በየአፋቸው አደረገ። ወጥቶ ጎረቤት ጠራ። በዶሮ ተጣልተው የነበሩ ሴቶች አብረው መጥተው በሽተኞቹን ተረከቡ። ከዚያ ስንሻው አንድ እስር ቃጫ ትከሻው ላይ አደረገ። አዋጁ ጠፍቶት አይደለም። ነገር ግን እጅ ያጣ ቃጫ ወደ ክምሩ እንደሚመለስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ሌላ መላም አልታየው። ወስዶ አደባባዩ መሐል፣ ድሮ ክምሩ ከሚሆንበት ቦታ አስቀመጠው። ሲመለስ ጓንጉል ከቤቱ ወጥቶ ሌላ እስር ተሸክሞ አገኘው። ከጓንጉል ኋላ ሌሎች ነበሩ። ሳይመሽ የቢተው ቤት ተራቆተ፤ ክምሩ ቦታው ላይ ተመለሰ። ሰዎቹ ከብዙ ዘመን በኋላ ከእስር እንደተፈታ ዘመድ ከበው ያዩት ነበር።

በማግሥቱ ማንም ሳያዝዝ ተራ ያዙ። አንድ አንድ እስር አነሡ። ቤት ድረስ ለመሄድ ማንም ትዕግሥት አልነበረውም፤ እዚያው አደባባዩ ላይ ተቀምጠው ጭናቸውን ገለጡ። ያ ሹክሹክታ ተነሣ። ስንሻው እስሩን ታቅፎ ሲቀመጥ ከጎኑ ያለችው ሴት ስለ አማቷ አመል ማውራት ጀምራ ነበር፤ ሲሰማት ደስ ብሎት እንባው መጣ። የማይታጠፉትን ጣቶቹን አፍታታና መግመድ ጀመረ።

ንጉሡ መስኮታቸውን ከፍተው አደባባዩን ሲያዩ ደነገጡ። ሊቀ ፍጡናንን አስጠሩና «ያለቀው ሥራ ከየት መጣ?» አሉት። ሊቀ ፍጡናን በአጭር ካባው እየሮጠ ወረደ። አደባባዩ ሲደርስ ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ሁሉም ሥራ ይዟል።

«ማነው የመለሰው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ስንሻው። ብድግ ሊል ሞከረ፤ ገመዱ ጭኑ ላይ ስለነበር ተወው። «ቢተው ታሟል። ጠራሁት፣ እጅ አልነበረም።»

«የተወሰደ አይመለስም ተብሏል!»

«ሰምቻለሁ። ግን ዝናቡ አዋጁን የሰማ አልመሰለኝም» አለ ጓንጉል ከወዲያ በኩል፣ ሰማዩን እያየ።

ሊቀ ፍጡናንም ሰማዩን አየ። ስንሻውን ቢያስረው ቃጫው ይበሰብሳል፤ ድልድይ ካልተዘረጋ የሚቆረጠው የራሱ አንገት ነው። ስንሻውን ቢለቀው ደግሞ አዋጁ ስሕተት ነበር ማለት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ካባ ያስወልቃል። እያሰላሰለ አደባባዩን ዞረ። በመጨረሻ ፊቱ በራ፤ ብልህ ነው አላልኳችሁም? ማንም አልወሰደም፣ ማንም አልመለሰም፣ ከእጅ ወደ እጅም ያለፈ የለም ሲል ወሰነ። ቃጫው የቢተው ነው፤ ስለዚህ የሚገምደውም ቢተው ነው። ወደ ንጉሡ ተመልሶም «ቢተው ቤቱ ጠቦት አደባባይ ወጥቶ እየገመደ ነው» አላቸው።

ንጉሡ በመስኮት አዩ። «ያ ሁሉ ሰው?»

«እጆቹ ናቸው፣ ንጉሥ ሆይ።»

ንጉሡ የቢተውን ትጋት አደነቁ።

እንዲህ ሆኖ ገመዱ ሁሉ በቢተው ስም ገባ። ስንሻው እንደ ሁልጊዜው ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ አስረከበ። ስም ያዡ ያበጠውን ገመድ ወጥሮ ፈተሸ፤ ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ገመድ ነው። ቀና ብሎ ስንሻውን አየውና ዓይኑን መልሶ «ተቀብያለሁ፤ የቢተው» አለ። ከዚያ «ዘንድሮ የምይዘው አንድ ስም ብቻ ነው። ራሴ ባዶ ቤት ሆነብኝ» አለው ቀስ ብሎ።

የመጀመሪያው ነጠብጣብ ሲወርድ ድልድዩ ተዘረጋ። በተከፈተ ዕለት በወዲህኛው ምሰሶ ሥር የተጠራው ስም አንድ ነው፤ ጥሪው ሲጀመር አለቀ። ሰዎቹ የቀረውን እንደሚጠብቁ ሁሉ ባሉበት ቆመው ነበር። ከዚያ ዘበኛው ምሰሶው ሥር ጦሩን ተክሎ «ስሙ የገባ ይለፍ» አለ።

ጓንጉል ፊተኛው ነበር።

«ስምህ?» አለው ዘበኛው፤ የጓንጉልን የማታ ጥሪ እየሰማ ያደገ ሰው ነው።

«ቢተው» አለ ጓንጉል።

ዘበኛው አየው፤ ጓንጉልም አየው። «እለፍ» አለ ዘበኛው። ከኋላው ልጅ ያዘለች ሴት «ቢተው» አለች፤ አለፈች። አዛውንት ባልና ሚስት ተያይዘው ቢተው ነን ብለው አለፉ። ከሕመሙ ያገገመው ቢተው ራሱ ምርኩዝ ይዞ ተራው ደርሶ ስሙን ሲናገር ዘበኛው ተሰላችቶ «አንተም?» አለው።

የስንሻው ተራ ደረሰ። ስሙን አባቱ ነበሩ ያወጡለት። በዚያ ምሰሶ ሥር በየዓመቱ ሲጠራ ሰምቶታል፤ ደብሬም ክንዱን ጨበጥ ታደርገው ነበር። እውነተኛውን ተናግሮ ቢመለስ፣ ገመዱ ቢያንስ የራሱ ሆኖ ይቀርለታል። ግን አፋፉ ላይ ነፋስ የወሰደበት መልስ ገና አልደረሰውም።

«ቢተው» አለ።

ድልድዩ ላይ ቆሞ ገመዱን የሚዳብስበት ጊዜ አልነበረም፤ ከኋላው ሰው ይገፋል፣ ከላይ ዝናብ። ማዶ ጫፍ ላይ የቆመው ዘበኛ ከቤተ መንግሥት የተላከ ነው፤ ማንንም አያውቅም፣ ማንንም አያምንም። ጠዋቱን ሙሉ ቢተው ቢተው ሲሉት ውሎ ፊቱ ጠቁሯል። ከእሱ ኋላ፣ ጥላ ዘርግታ፣ ሕፃን ታቅፋ ይታይሽ ቆማለች። ስንሻው ሲያያት ገመዱን ይዞ ቆመ።

«ስም?»

«ቢተው።»

ዘበኛው ዓይኑን አጥብቦ አየው። የሚያይበትን ተከትሎ ዞሮም ይታይሽን አያት። «አንቺ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«አባቴን።»

«ስሙ ማነው?»

ይታይሽ አባቷን አየችው። ሕፃኑን ጠበቅ አደረገች። «ቢተው ይባላል» አለች።

«እለፍ» አለ ዘበኛው።

እንደማይተዋወቁ ሁሉ ጎን ለጎን ሳይነካኩ ሄዱ። መንገዱ ታጥፎ ዘበኛው ከዓይን ሲጠፋ ጥላዋን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ደህና ነኝ አባዬ» አለችው ሳይጠይቃት። «ደህና ናት በሉት ብዬ ልኬ ነበር። አልሰማም አሉኝ።»

ስንሻው ሕፃኑን ከእጇ ተቀበለ፤ በማይታጠፉት ጣቶቹ ፊቱ ላይ ያረፈውን ዝናብ ጠረገለት። «ማን አላችሁት?»

«ገና ነው። አንተ መጥተህ እስክታወጣለት ስንጠብቅ።»

«ስንሻው በሉት።»

ይታይሽ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «የራስህን ስም? አንተ እያለህ?»

«እኔማ ዘንድሮ አልሠራሁበትም» አለ። «ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ እሱ ይያዘው።»